የአዳራሹ ጠረጴዛ

ጥቅምት 1 ቀን 1976

ወሩ ገባ፣ ልደታ ናት። መንገዱ ከንጋት ጀምሮ ነጠላ በነጠላ። ሁለት ቀሚስ አጠበብኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ጎረቤቴ እትዬ ሸዋዓለም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ደጃፌ ላይ አረፍ አሉ። ስለ ስኳር ወረፋ ተማረሩ፣ ቀበሌውን ረገሙ፣ ከዚያ ግራ ቀኙን አዩና "ለነገሩ ስኳር ለጥርስም ጥሩ አይደለም" አሉ። ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ የበከርን የልብስ ልኮች ሳገላብጥ ዋልኩ። ባሌ፣ አላህ ይማረው፣ የእጅጌውንም የአንገትጌውንም ልክ የሚቆርጠው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከነዚያ ነው። መጨረሻው በመቀስ የሄደ ዜና... እስከ ዛሬ ሙሉ ወሬ ሲነግሩኝ አላምንም።

ልጄ ዘሀራ መሽቶ ገባች። "ጥናት ነበረን" አለች። ጥናት ሰውን እንዲህ ያልበዋል?

ጥቅምት 4

ልጄ ስትዋሸኝ ኖራለች። አንድ ቀን አይደለም። ዓመታት።

ፈቃደ የሚባል አሰልጣኝ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ደስ ብሎት፣ ዘሀራ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠች አለኝ። በምን? በጠረጴዛ ቴኒስ። በሣጥን ጣውላ መምታት የጀመረች ልጅ ናት፣ በግራ እጇ ስትመታ ኳሷ ወዴት እንደምትዞር እኔ አሰልጣኟም አላውቅም አለ። ኅዳር ላይ ናይሮቢ ትሄዳለች፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ውድድር። የት ተማረች ብዬ ጠየቅኩት። ምነው ባልጠየቅኩ።

"እዚሁ ነዋ፣ በቀበሌው አዳራሽ።"

እዚያ? በ1970 የሰፈሩን ወንድ ያጎሩበት፣ ማታ ማታ ስም እየጠሩ ያወጡበት? በከር በዚያ በር ገባ፤ የት እንደተቀበረ እንኳ አላውቅም። በዚያ በኩል ላለማለፍ ስድስት ዓመት በጌጃ ሰፈር ዞሬ ነው ገበያ የምሄደው። እሷ እዚያ ውስጥ ኳስ ታንጣጣለች።

አልመታኋትም። አንድ ጊዜ መትቻታለሁ፤ እሱም አልወጣልኝም።

ጥቅምት 5

አላናገርኳትም። ምሳዋን ቆማ በልታ ወጣች።

ጥቅምት 11

ስፌቱ አልሄድ አለኝ። ያ ማክሰኞ መጣብኝ...

ያኔ ሴቶቹ በየቀኑ ስንቅ ይዘን አዳራሹ በር ላይ እንሰለፍ ነበር። ስንቁን ያስገባሉ፣ ሳህኑን ይመልሱልናል። ሳህኑ ባዶ ከመጣ ሰውሽ አለ፣ በልቷል። "ከእንግዲህ አታምጪ" ከተባልሽ ደግሞ... ሌላ የሚነግርሽ የለም። እትዬ ሸዋዓለም የልጃቸውን የበድሉን ሞት እንዲያ ነው የሰሙት።

ማክሰኞ ዕለት ሚስቶችንም ማሰር ጀመሩ የሚል ወሬ መጣ። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ጫማዬን አድርጌ... አልሄድኩም። ፈራሁ። ጓዳ ገብቼ ተኛሁ። ስነሳ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። የአባትሽን ስንቅ በላሽ ብዬ ዘሀራን ገረፍኳት። የአሥር ዓመት ልጅ። አላለቀሰችም።

ረቡዕ ስሄድ "ከእንግዲህ አታምጪ" አሉኝ።

በመጨረሻው ቀን ራበው? በሩን ሲያይ ዋለ? ትታኛለች ብሎ ይሆን የሄደው?

ጥቅምት 17

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተሰማ ቤቴ ገባ። ያኔ በሩ ላይ ቆሞ "አታምጪ" ያለኝ እሱ ነው። ሳይጋበዝ የበከር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዛሬም አንቺ አለኝ።

ዘሀራ የቀበሌያችን ፍሬ ናት አለ። ለመሄድ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ድጋፉ እሑድ ኅዳር 3 በአዳራሹ፣ በሽኝቱ ላይ ይሰጣል፤ ግን እናት በሰው ፊት ተነስታ አብዮቱን ታመስግን። ምን እንደምል ጸሐፊው ያስጠናኛል። ካላመሰገንኩስ? እንግዲያውስ እኛም ልጅቷን በደንብ አናውቃትም ማለት ነው አለ፣ ፈገግ ብሎ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ዞረና፦

"ወይዘሮ ነፊሳ፣ አብዮቱ አባት ለሌላት አባት ነው።"

አባቷን ማን ወሰደው? አላልኩም። መርፌዋ ጣቴ ውስጥ ገብታ ኖራለች፤ ያየሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ጥቅምት 18

አልሄድም አልኳት። በዚያ በር አልገባም፣ ያን ሰው አላመሰግንም። ናይሮቢም ገደል ይግባ።

"ስድስት ዓመት ዝም ብለሽ፣ ዛሬ በኔ ላይ ነው የምትኮሪው?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ጥቅምት 23

ዛሬ ራኬቷን በፎጣ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አልጫወትም፣ ይብቃሽ፣ ደስ ይበልሽ አለች። እኔም በንዴት፣ መጀመሪያውኑ እዚያ ምን ወሰደሽ አልኳት። ሌላ የመጫወቻ ቦታ አጣሽ?

"አባባን መጨረሻ ያየሁት እዚያ ነው" አለች።

መቼ?

"ያን ማክሰኞ። ስንቁን እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

ዘበኛው ሕፃን ናት ብሎ አስገባት። ሰው ከሰው ላይ ተጨናንቋል። በከር የኳሱ ጠረጴዛ ሥር፣ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ነበር። በላ። አጠገቡ ያለውን ሽማግሌም አጎረሰ። ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ መለሰላትና፣ እንደመጣሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ትፈራለች አላት። እቤት አምጥታ አጠበችው። ከዚያ እኔ ገረፍኳት።

ምነው ሳትነግሪኝ? ስገርፍሽ እንኳ?

"አትንገሪ ብሎኝ ነበራ።"

በልቶ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደራበው ነው የማስበው... በልቶ ነበር። በከርንም ተናደድኩበት። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው? ተናደድኩ። ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጫናል? አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ንዴቱ ቦታውን አገኘ፣ ተሰማ ላይ።

ራኬቷን ከሣጥኑ አውጥቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

ኅዳር 3

ገባሁ።

ትንሽ ነው አዳራሹ። በሐሳቤ ትልቅ ነበር። ጠረጴዛው መሃል ላይ፣ አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጧል። ሥሩን አየሁት። ሰው እንዴት እዚያ ይቀመጣል?

ያኔ በሩ ላይ አብረን የተሰለፍን ሴቶች ሁሉ መጥተዋል፤ ካልመጡ የስኳር ራሽን የለም። እትዬ ሸዋዓለም ክንዴን ያዙ። ፊት ለፊት ከላይ የመጡ የስፖርት ሰዎች ተቀምጠዋል። ተሰማ ብዙ ተናገረ፣ ከዚያ ስሜን ጠራ።

ጸሐፊው ያስጠናኝን አንዱንም አላልኩም። የዘሀራን ስንቅ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ፣ በዚያው ሳህን፣ በዚያው ጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ሄጄ እጇ ላይ አኖርኩት።

"ልጄ፣ ስንቅሽ ይኸው። ሳህኑን ባዶውን ይዘሽልኝ ነይ።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ እትዬ ሸዋዓለም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከኋላ አንዷ ተንሰቀሰቀች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ መስመሩ በሙሉ። እንግዶቹ የእናት ፍቅር መስሏቸው አጨበጨቡ። ተሰማ አላጨበጨበም። እሱ ገብቶታል። ግን ምን ብሎ ይከሰኛል? ስንቅ ሰጠች ብሎ? እንግዶቹ ዞረው ሲያዩት አጨበጨበ። ድጋፉንም በነሱ ፊት ሰጠ።



ኅዳር 16

መጣች። ጠቁራለች፣ ድምፅዋ ጨምሯል።

ሁለት ጨዋታ አሸንፋ በሦስተኛው አንዲት የኬንያ ህንድ ልጅ አሸነፈቻት። የልጅቷ አባት ክሪኬት የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ ነበር የሚጫወተው፣ ለአገሩ ተሰልፎ ውጭ አገር ሁሉ ዞሯል አሉ። ዘሀራን የገረማት ግን እሱ አይደለም።

"አባትየው ልጁ ስትጫወት ከፊት ወንበር ላይ ነበር፣ እማ። እስክታበቃ ንቅንቅ አላለም።"



ፈቃደ መጋቢት ላይ ካይሮ ደግሞ አለ ይላል። ተሰማ እንደገና ድጋፍ ሊያስለምነኝ ነው? ያስለምነኝ እስቲ።

ሳህኑን ከሻንጣዋ አወጣች። ባዶ። ጠርዙ ላይ የበሶ ዱቄት አለ።

"አላጠብኩትም፣ እንድታዪው" አለች።

ኅዳር 19

ማክሰኞ።

ዘሀራ ለልምምድ ወጣች። እራቷን በሳህኑ አድርጌ ቋጠርኩ፣ ጫማዬን አደረግኩ። በጌጃ ሰፈር አልዞርኩም። በቀጥታው መንገድ ሄድኩ።

ዘበኛው እዚህ ያስቀምጡት፣ እናደርስላታለን አለ።

"ራሴ አስገባለሁ" አልኩት።

ተሰማ ደጅ ቆሞ ነበር። ሰላም አላልኩትም፤ እሱ ነው ከመንገዴ ዘወር ያለው። ወንበር ስቤ ከፊት፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘሀራ አየችኝና አንዷን ኳስ ሳተች። ከዚያ በግራዋ መታች። ወዴት እንደምትዞር እኔም አላወቅኩም።

ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።