መምህር ሐብተ ማርያም ከመዝገብ የሰረዙት ቃል

ወገኖቼ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁና እስቲ አረፍ በሉ። የወንድማችንን የመምህር ሐብተ ማርያም ገብረ ሚካኤልን ኑሮ ጥቂት ላሰማችሁ።

መምህር ሐብተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሚካኤል ማሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺአየሁ በ፲፱፻፲፭ ዓ.ም. በጭልጋ፣ ከአይከል ገበያ ማዶ ተወለዱ። የቤታቸው ቋንቋ ቅማንትኛ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ሲገቡ ጓደኞቻቸው ስለሳቁባቸው ያን ቋንቋ በሰው ፊት መናገር ተዉ። ዳዊት ደገሙ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ጎንደር ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው በ፲፱፻፵፪ ዓ.ም. መምህር ሆነው ጭልጋ ተመለሱ።

ተማሪ የሚጠየቀው በአማርኛ ብቻ ነበርና እርሳቸውም ደንቡን ያዙ። ይመኙሽ የምትባል ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ስላልመለሰች መዝገቡ ላይ ከስሟ አጠገብ «ዲዳ» ብለው ጻፉ። አንድ ቅዳሜ ግን ገበያ ላይ ጌሾ ስትሸጥ አገኟት። አያ ፋንታሁን የሚባሉ ገዥ ጌሾዋን እያገላበጡ ቢያናንቁባት በቅማንትኛ «አያ፣ ለጠላ ነው ወይስ ለፍየልዎ?» አለቻቸው። ገበያተኛው ሳቀ፤ መምህሩም ሳቁ። ልጅቷ ዘወር ብላ አየቻቸውና «የኔታ፣ ምነው? እያወቁ ኖሯል ዝም ያሉን?» አለቻቸው።

ሰኞ ጧት ወላጆችን ሰብስበው «ዲዳውስ እኔ ነበርሁ» ብለው ቃሉን በፊታቸው ሰረዙ። ከዚያ ወዲያ አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን በቤቱ ቋንቋ እየመለሰ አማርኛውን በዚያው ላይ ይማር ጀመር።

በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. አንድ ተቆጣጣሪ መጥተው «ይህን ይተዉ፤ ያለዚያ ሥራዎን ይለቃሉ» ቢሏቸው፣ «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ትቼው አይቻለሁ፤ ሁለተኛስ አልተውም» አሉ። ከሥራ ተሰናብተው ሁለት ክረምት የአባታቸውን መሬት አረሱ። ወላጆቹ ግን ዝም አላሉም። እኒያው አያ ፋንታሁን እየመሩ ጎንደር ድረስ በእግር እየተመላለሱ አቤት ብለው አስመለሷቸው።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሳንባቸውን ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አሉ፤ ዛሬ በዚያው ክፍል የምታስተምረው መምህርት ይመኙሽም እዚሁ መካከላችን ቆማለች።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማደሪያ ያሳርፍልን። እናንተም አደራ፣ የክፍል ጥግ ይዞ ዝም ያለ ሕፃን ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ በእናቱ ቋንቋ ጠይቁት። አፉን የፈታ እንደሆነም፣ ያን ጊዜ ወንድማችንን አስቡልን።