ክፍሌ በወለድ አገድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ውሃው የመጣው ከሰዓት ነው። ሦስቱንም ጀሪካን ሞላሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ባጃጆቹን አየሁ። እኔን ያየኝ የለም። ደብተሬ፣ አንቺን ብቻ ነው የማዋራው። ት/ቤት አቆምኩ። እህቴ ጫልቱም አግብታ እጃጂ ሄደች። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው።

እማዬ ጓሮውን በገመድ ስትለካ ዋለች። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ አራት ክፍሎች ልትሠራ ነው። ቦታው አለ፣ ብሩ የለም። መበደሯ አይቀርም። ከየት እንደሚሻል ነው የጨነቃት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ከባንክ ተመለሰች። ደክሟታል። የቤቱን ካርታ በመያዣነት ይፈልጋሉ። ክፍያው በየወሩ ነው፣ ተከራይ ኖረም አልኖረም። ክረምት ተማሪው አገሩ ሲገባስ? ጠየቅኳት። በልቤ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ
ደላላው ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ከሸነን የተዛወረች ነርስ አለች አሉ፤ ሲስተር የሚሏት። ወለድ አገድ ነው የምትፈልገው። ብር ታበድረናለች፣ ያለ ወለድ። ብሯ እስኪመለስ ግን አንድ ክፍል ያለ ኪራይ ትኖርበታለች። ሁለት ዓመት። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ትፈልጋለች። የኔን።

እማዬ ተቆጣች። «ልጄን ከክፍሏ አውጥቼ ሰው አላስገባም! ባንኩ ይሻለኛል።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። «ኧረ እሷ መኖሯንስ ማን ያውቃል? ድምጿን የሰማ ጎረቤት የለም እኮ!»

ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለኔ ተቆጣች። ከዚያ ፊቴ ጋለ። ለኔ ብላ ካርታውን ልታስይዝ ነው። መክፈል ቢያቅተንስ? ቤቱ ከሄደ መስኮቴም አብሮ ይሄዳል።

እሁድ፣ ጥቅምት 10
ነገ ባንክ ልትፈርም ነው። ካርታውን ከሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

ጠዋቱን ሙሉ ተለማመድኩ። እማዬ፣ ክፍሉን ለሲስተር ስጪያት። ምሳ ላይ አፌን ከፈትኩ። ጨው አቀብዪኝ አልኩ።

እማዬ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ፍራሼን እየጎተትኩ ወደ እሷ ክፍል ወሰድኩት። የጫልቱን አልጋ ተውኩት፤ ሲስተር ትተኛበት። ባዶው ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆምኩ። አንድ ባጃጅ አለፈ። ቆለፍኩና ቁልፉን ካርታው ላይ አስቀመጥኩት።

የግቢው በር ተከፈተ። መጣች። ጠረጴዛው ጋ ናት፣ ቁልፉን አንስታለች። አሁን እየጠራችኝ ነው። «ሌንሴ!» ዛሬ ጮክ ብዬ «አቤት!» እላለሁ።