የእትዬ ዘይነባ ቁርስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2018

ዛሬ ረፋዱ ላይ ለአመጋገብ ጥናቱ ፌደራል ዌይ ከተማ ሄጄ እትዬ ዘይነባን ጠየቅኩ። ስኳር አለባቸው፤ መስጊድ እንተዋወቃለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የበሉትን በሙሉ ይንገሩኝ።

«ረመዳን አይደል እንዴ? ትናንትም ጾሜ ነው የዋልኩት፣ ዛሬም እየጾምኩ ነው» አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ካለው የአጃ ሳህን ገና እንፋሎት ይወጣ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሳቸው በቀር ሰው የለም። ሐኪማቸው እንዳይጾሙ ከልክሏቸዋል፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ይፈቅዳል። ይህን ከኔ የበለጠ ያውቁታል።

«ስምዎ አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ቁጥሩማ አያውቀኝም። አንተ ግን ታውቀኛለህ።»

ሥራዬ የተነገረኝን መጻፍ ስለሆነ «ከፈጅር እስከ መግሪብ ምንም አልበሉም» ብዬ ፎርሙን ሞላሁ። እንዲህ ያለ መልስ ከበዛ ጥናታችን ጾም ስኳር ያለበትን ሰው አይጎዳም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ያንን አምኖ የሚጾም በሽተኛም አይጠፋም። ይሄን ለኃላፊዬ ልንገራት ወይስ ልተወው፣ አልወሰንኩም።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

የጨጓራ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ አልጾምም። ምሳዬን የበላሁት ከመስኮታቸው እንዳልታይ ሁለት ብሎክ ርቄ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው።