ራሱ የማያልቅ ሸምጋይ

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ ፳፻፲፬

ለልጄ ለኢንሳፍ፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን።

በቤተ ሙከራሽ በብረት ላይ የምታሳድጊው ፕላስቲክ መሰል የፖሊመር ሽፋን ከወተት ስልባቦት እጅግ የሳሳ መሆኑን፣ ራሱ ሳያልቅም ሌሎች ንጥረ ነገሮችን እንደሚያዋሕድ ጽፈሽልኝ ነበር። «ይህማ የኛ ሸምጋይ ነው» ብዬ አባትሽን አሳቅሁት።

ሠላሳ ዓመት በዳኝነትም በሽምግልናም ስንት ባለደም አስታርቄያለሁ። ወንድምሽን ባድሩን ግን ታጣቂዎች ከውጫሌ ከወሰዱት አርባ ቀን ሆነው፤ የት እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ። ደጅ ያልጠናሁበት በር የለም። «ዳኛ ሂንድ፣ ሰብር ያድርጉ፤ ይታገሡ» ይሉኛል። እኔም ለሌሎች እናቶች የምለው ይህንኑ ነበር።

አንቺ ሥራሽን አታቋርጪ። አላህ ሁለታችሁንም በአንድ ማዕድ ያሳየኝ። ያ ሽፋን ግን ብዙ ከሠራ በኋላ፣ እውነት አያልቅምን? እባክሽ፣ ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ ሂንድ