ልሙጡ አውራ ጣቴና የአራባ ቤት

ዛሬ ማክሰኞ፣ ማርች 15 ቀን 1994፣ በደንባችን ጀልባ ባሕር የማይወጣበትና ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚገኝበት ቀን በመሆኑ፣ እኔ ኤኩዋ ኦቱዋ፣ በኤልሚና ከተማ አሣ በጭስ እያደረቅሁ ስሸጥ የኖርሁ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ እንዳለ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን በምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ የትናንቱን የአሣ ዋጋ ይጠይቀኝ። ጸሐፊዬ ጡረታ የወጣው የባንክ ሠራተኛ ሚስተር ዳድዚ ነው፤ ያልሁትን ሁሉ እንዲጽፍ፣ እንዳያሳምረውም ነግሬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስድስቱ ምድጃዎቼ ለእኅቴ ልጅ ለኤሲ ይሁኑ። አምስተኛው ምድጃ አኩራፊ ነው፤ እርጥብ እንጨት አይወድም። ከክት ልብሶቼም ደስ ያላትን ትውሰድ፤ ሰማያዊውን ግን ከእኔ ጋር ቅበሩት።

ሁለተኛ፤ በከተማችን ባንክ ያለኝ አክሲዮን ለታናሽ ወንድሜ፣ ለቤተሰባችን አለቃ ለኮጆ ቤንትሲል ይሁን። በየዓመቱ ስብሰባው ላይ እየተገኘ ባለአክሲዮኖቹ ሴቶች ሲናገሩ ዝም ብሎ ያዳምጥ።

ሦስተኛ፤ ፎቅ ቤቴ ለሟቹ ልጄ ሚስት ለአራባ ይሁን። በእኛ ደንብ ቤት ለእናት ወገን እንጂ ለምራት እንደማይሄድ አውቃለሁ። ይህን ቤት ግን ያቆምሁት እኔ በላቤ ነው። ምክንያቴንም ስሙ።

በ1953 የቁጠባ ደብተር ላወጣ ኬፕ ኮስት ወደሚገኘው ባንክ ሄድሁ። ያን ጊዜ ባንክ ማለት የካካዎ ነጋዴዎች ግቢ ነበር። ወጣቱ ጸሐፊ አውራ ጣቴን ቀለም ቀብቶ ቢያትመው ልሙጥ ክብ ብቻ ወጣ። መስመሩን የምድጃ እሳት በልቶት ኖሯል።

«እናቴ፣ ይሄ የሰው ጣት አይመስልም። የሚያውቅዎት ሰው ይዘው ይምጡ» አለኝ።

ያ ጸሐፊ ይኸው አሁን የሚጽፈው ዳድዚ ነው። ጻፈው ዳድዚ፤ አንገትህን አትድፋ።

ከእኛ ቤት ፊደል የቆጠረ ኮጆ ብቻ ነበር። ና መስክርልኝ ስለው፣ «እትዬ፣ አሣ አሣ እየሸተትሽ በባንኩ ነጮች ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ብሎኝ ቀረ። እኔም ገንዘቤን ገበያውን በየቀኑ እየዞረ ቁጠባ ለሚሰበስበው ሰው መስጠት ጀመርሁ። እሱ ጣቴን አልጠየቀኝም፤ የቤት መሥሪያ ብድር ግን ከየት ያምጣ?

ከብዙ ዓመት በኋላ የከተማችን ሰዎች አክሲዮን ገዝተው የራሳቸውን ባንክ ሲከፍቱ፣ አራባ እጄን ይዛኝ ገባች።

«ጣቷን ካላመናችሁ መዳፏን አሽትቱ! በዚህ አገር እንዲህ የሚሸት ሌላ ሰው አለ?» አለቻቸው።

ለቤቱ ብድር መያዣ ሲጠይቁኝም፣ የምትተዳደርበትን የስፌት መኪና በራሷ ተሸክማ ጠረጴዛቸው ላይ ዘፍ አደረገችው። ብድሩ ካለቀ ቆይቷል፤ መኪናዋም ተመልሳላታለች። ቤቱ ግን ያለ አራባ አይቆምም ነበር።

አሁንም አራባ እንደ ደንባችን ለስጦታው የምስጋናውን መጠጥ፣ ጂን የሚሉትን አረቄ፣ አቅርባለች። የቤተሰቡ አለቃ ከቀመሰው ስጦታው ይጸናል፤ ካልቀመሰው ዓይኔን በጨፈንሁ ማግስት ሊያስወጣት ይችላል። ኮጆ ብርጭቆውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

«ሰው ምን ይለኛል፣ እትዬ? ቤቱን ለባዳ አሳልፎ ሰጠ አይሉኝም?»

«የሰጠሁት እኔ! አንተ የተባልኸው ጠጣ ነው። መቼ ከብዶህ ያውቃል?»

ምስክሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ዳድዚ ቀለሙን አቀረበልኝ፤ አተምሁ። ያው ልሙጥ ክብ ወጣ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬም የሚያውቅዎት ሰው ያስፈልጋል» አለ።

አራባ ብድግ ስትል ኮጆ «አንቺ ቁጭ በይ» አላት። ጂኑን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ብዕሩን ከዳድዚ እጅ ወሰደ።

የተናዛዥ አሻራ፦ ልሙጥ ክብ

ጸሐፊ፦ ጄምስ ዳድዚ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ኤፍዋ ምባ፣ የአሣ ሻጮች ማኅበር ሰብሳቢ (ፊርማ)፤ ክዌኩ ኦትሲዋ፣ ጀልባ ሠሪ (ፊርማ)

የአሻራው ምስክር፦ ይህ ጣት የእኅቴ የኤኩዋ ኦቱዋ ነው። አውቃታለሁ። የመጣሁት አርባ አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው። ኮጆ ቤንትሲል (ፊርማ)