በገደሉ አፋፍ የቆሙት ነርስ፦ ሲስተር አልታየች ገብረአብ (1938–1982 ዓ.ም.)

ሲስተር አልታየች ገብረአብ ከአባታቸው ከቄስ ገብረአብ ወልደተንሣኤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ዘርአ ዳዊት በሰኔ ወር 1938 ዓ.ም. ደነባ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ሲሆን፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ደብረ ብርሃን ተከታትለዋል። በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ነርስነት ተማሩ። ሲመረቁም ጓደኞቻቸው ይሸሹት የነበረውን የአእምሮ ሕሙማን ክፍል መርጠው አገለገሉ። አይፈሩም ወይ ሲባሉ፣ ከሚጮኸው ሕመምተኛ ይልቅ ዝም ያለው እንደሚያስፈራቸው ይናገሩ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. አንኮበር ያስተምሩ የነበሩትን መምህር ኃይለ ገብርኤልን በተክሊል አግብተው ወደዚያው መጡ፤ በጤና ጣቢያውም ሥራ ጀመሩ። ገብረመንፈስቅዱስንና ፀዳለማርያምን ወለዱ። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ከዳገቱ ሥር ሆነው “አልታዬ!” እያሉ ይጣሩ ስለነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ምሳ መድረሱን በእርሳቸው ድምፅ ያውቅ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ወር መምህር ኃይለ ገብርኤል ለስብሰባ ተጠርተው ወጡ፤ አልተመለሱም። በዚያ ሰሞን ከብዙ ቤት ሰው ወጥቶ ቀረ። ድንኳን እንዳይጣል፣ ጥቁር እንዳይለበስ፣ የለቅሶ ድምፅ እንዳይሰማ ከቀበሌ ለየቤቱ ተነገረ። ሲስተር አልታየች በማግስቱ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ሥራ ገቡ።

ክረምት ሲገባ ጉም ከቆላው እየተነሣ አንኮበርን ዋጠው። ያን ጊዜ ልጅ የቀረባቸው እናቶች በጉሙ ውስጥ የልጃቸውን ድምፅ ይሰሙ ጀመር። ድምፁ ሁልጊዜ ከታች፣ ከገደሉ ወገን ነበር የሚመጣው። ተከትለውት የሄዱ ሁለት እናቶች ጉሙ ሲገለጥ ከገደሉ ሥር ተገኙ። ጎረቤት ጋኔን ነው አለ። የቀበሌው ሰዎች የአድኅሮት ወሬ ነው አሉ። ሲስተር አልታየች ግን ሁለቱንም አላሉም።

ዛሬ በመካከላችን ያሉት ወይዘሮ ወርቅአገኘሁ፣ አንድ ልጃቸው የቀረባቸው እናት፣ ይህ በስማቸው እንዲነገር ፈቅደዋል። “ልጄ እየጠራኝ ነው፤ አበድሽ በይኝና ልረፍ” ብለው ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጡ፣ ሲስተር አልታየች፣ “እማማ፣ ጆሮዎ የሰማውን ሰምቷል። ገደሉም ደግሞ ገደል ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብለን ሌላውን አንጥልም” ብለው መለሱላቸው።

ከዚያም እንደ ሽመና ሙያ ቀስ ብለው አስተማሯቸው። ልብ ሲንጠለጠል ፊትን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ትንፋሽን መያዝ፣ ወደ ውስጥ ከሚገባው ይልቅ የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም፣ “አበድኩ” ከማለት ይልቅ “ይህ ናፍቆት ነው፤ ይኼኛው ቁጣ ነው” ብሎ በስሙ መጥራት፤ ድምፁ ወደ ታች ሲስብም ጀርባን ሰጥቶ ዳገቱን መውጣት። ከሁሉ የከበደው “ሆኗል” የሚለውን ቃል መናገር ነበር። ወይዘሮ ወርቅአገኘሁ ብዙ ሳምንት አፋቸው እምቢ አላቸው። “ሆኗል ማለት ወደድኩት ማለት አይደለም፣ እማማ” ይሏቸው ነበር ሲስተር።

በ1971 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሲስተር አልታየች እኚሁን እናት ለመጠየቅ ሲሄዱ ቤቱ ተከፍቶ ባዶ ሆኖ አገኙት። በጉሙ ውስጥ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ ተከትለው አፋፉ ላይ ደረሱባቸው። አልጎተቷቸውም፤ የተጎተተ ሰው እንደሚታገል ያውቁ ነበር። አጠገባቸው ቆመው፣ ልባቸው ከድምፁ ወደ መሬቱ እንዲመለስ፣ እግራቸው ምን እንደረገጠ ጠየቋቸው። “ድንጋይ” አሉ እናት። “እርጥብ ሣር።” ሊመለሱ ዞር ሲሉ ከታች፣ ሰው ሊቆምበት ከማይችል ስፍራ፣ “አልታዬ!” የሚል ድምፅ መጣ።

ሲስተር አልታየች ወደ ገደሉ ዞሩ። የሆነውን የሚነግሩን ወይዘሮ ወርቅአገኘሁ ናቸው። ሲስተር ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ምሳ እንዳቀረበች ሙሽራ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ያን ጊዜ እናት ክንዳቸውን ሳይዙ፣ “ሲስተር ልጄ፣ እግርሽ ምን ረገጠ?” አሏቸው። ደግመው ጠየቁ። ሲስተር ወደ እግራቸው አይተው፣ “ጭቃ” አሉ። ከዚያም፣ “ሆኗል” አሉ፤ ሁለቱም ዳገቱን ወጡ።

መንገዱ ላይ በቅሎ ጭነው ከቆላው ከአልዩ አምባ የሚወጡት ነጋዴ አቶ ዓወል ደረሱባቸው። “እቱ፣ አልታዬ የምትባለው አንቺ ነሽ እንዴ? ወላሂ፣ ከታች አንድ ሰው ይህን ስም ሲጣራ እየሰማሁ ነው የመጣሁት። መልክ አላየሁም። በቅሎዎቼ አላልፍም ብለው አስቸገሩኝ” አሉ። ሲስተር አልታየች፣ “ሰምቼዋለሁ፤ አልሄድም” ብለው ለነጋዴው ከቅርቡ ቤት ውኃ አስመጡላቸው። ስለዚያ ድምፅ ምንነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ማብራሪያ አልሰጡም።

በ1975 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውረው ወጣት የጤና ረዳቶችን አሠለጠኑ። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ “ሲስተር፣ ታዲያ ድምፅ አለ ብለን እናስተምር?” ብሎ ቢያሾፍ፣ “ድምፁ አንተን አይመለከትህም፤ አንተን የሚመለከትህ ገደሉ ነው። መጀመሪያ እናቲቱን እመናት፤ ቀጥሎ ውኃውን አምጣ” አሉት። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ካለፉት እናቶች አንዷንም ጉም እንደወሰዳት አልተሰማም።

ሲስተር አልታየች በደረሰባቸው የጉበት ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። በቃላቸው መሠረት አንኮበር ላይ እንዲቀበሩ ተደርጓል። የሁለት ልጆች እናት ነበሩ።

ድንኳኑ ተጥሏል። ጥቁር የለበሳችሁ እናቶች፣ ይህ ለቅሶ የሲስተር አልታየች ነውና ማንም አይከለክላችሁም። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አልቅሱ። በመካከል የሌላ ሰው ስም ከአፋችሁ ቢወጣ ቤተሰቡ አይቀየምም፤ ለማን እንዳለቀሳችሁም አንጠይቅም። እርሳቸውም ቢሆኑ በግልጥ የምታለቅሱበትን ቀን ሲጠብቁላችሁ ነበር።

የሰው ሁሉ ጩኸት የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እግራችን የሚቆምበትን ምድር ያጽናልን። አሜን።