አባ እና የምታጠናት ትንሿ ፕሮቲን

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ለውድ ወንድሜ ለፈሐድ፤ የእህትህ የረሺዳ ሰላምታ ካለህበት ኮሪያ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ምግቡን ለመድከው ወይስ አሁንም በእንቁላል ብቻ ነው የምትኖረው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኢድን በሰላም ዋልን፤ አንተ ብቻ ጎደልክብን።

በስልክ ስናወራ አባ አጠገቤ ስለሚቀመጡ የልቤን አላወራህም። የጎረቤታችን ልጅ ሶልያና ለትምህርት ወደዚያው ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእሷ ላክሁልህ።

የአባን እጅ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው ካልኩህ ወዲህ ትምህርቴን ትቼ ልምጣ እያልክ ነው። ነገሩ እንዴት እንደታወቀ ግን አልነገርኩህም። አባ ልብስ ስፌት ሱቃችን ውስጥ የደንበኛ ልብስ ሲቀበሉ ስም እንደማይጽፉ ታውቃለህ፤ ኮሌታው ላይ ቁራጭ ጨርቅ በክር ያያይዛሉ። አንድ ቁራጭ ከሆነ ልብሱ ወደ ካውያ ይሄዳል፤ ሦስት ተቀጣጥለው ከተንጠለጠሉበት ተቀዶ ለኪስ ገበር ይሆናል። ከአምበር ከተማ የሚመጡት ደንበኛችን አቶ አምሳሉ ለልጃቸው ሠርግ የሚለብሱትን ኮት እጅጌው እንዲያጥርላቸው አምጥተው ነበር። አባ ሦስቱን ቁራጭ አሮጌ ሸሚዝ ላይ ሊያያይዙ ሲሉ መርፌው አመለጣቸውና ከሥር የነበረው ኮት ላይ ሰፏቸው። እማ ደግሞ ምልክት ካየች ጥያቄ የላትም፤ መቀሷን አነሳች። አቶ አምሳሉ ሲመጡ ኮታቸው ኪስ ሆኖ ጠበቃቸው። አባ በራሳቸው ጨርቅ አዲስ ሰፉላቸው፤ ድሮ በአንድ ቀን የሚጨርሱት ሳምንት ፈጀባቸው። ሐኪም ቤት እሺ ብለው የሄዱት ያኔ ነው።

በቀደም አባ፣ ለመሆኑ ይህ ልጅ የሚማረው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳኋቸው። ሴላችን ውስጥ ዩቢኩቲን የምትባል ትንሽ ፕሮቲን አለች፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ትለጠፋለች፤ ብቻዋን ስትለጠፍ ያ ፕሮቲን ቦታውን ወይም ሥራውን ሊቀይር ይችላል፤ ብዙ ሆነው ተቀጣጥለው ሲለጠፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈርስና ስብርባሪው ለሌላ ይውላል፤ የተለጠፈውን መልሰው የሚያነሱ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ አልኳቸው። አባ ሳቁ። ይህንንማ እዚሁ ሱቅ ቁጭ ብሎ ይማረው ነበር፣ ለምን ያን ሁሉ ባሕር አቋረጠ አሉ። እኛም የሚያነሳ ቢኖረን ኖሮ የአምሳሉ ኮት ይተርፍ ነበር ብለው ጨመሩ።

ሳቁ ሲያልቅ፣ ለእጄ መድኃኒት ያገኝልኛል ወይ አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም። ይህ በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የተበላሸው የሴል ክፍል በወጉ ምልክት ተደርጎበት እንደማይወገድ፣ እናንተም ምክንያቱን እየፈለጋችሁ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ግን ለእሳቸው ላይደርስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ለእኔ ባይደርስ ለሌላው ይደርሳል፤ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ ጻፊለት አሉ። ይኸው የአባትህን ቃል አድርሻለሁ።

እማ ሀጀራ ዱዓዋ አይለይህም፤ በሶና ሽሮ ልካልሃለች፣ ለጓደኞችህም አካፍል ብላለች። ልጄ ሰልሰቢል ሰላም ትልሃለች፤ በኮሪያ ቋንቋ ስሜን ጻፍልኝ ትላለች። አባም በጣም አድርገው ሰላም ብለውሃል።

አሁን ደግሞ የእኔን ቃል ስማኝ። አባ አትምጣ የሚሉህ እጃቸውን እንዳታይባቸው ነው። ሰው ሲገባ ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቁታል። ሲይዙላቸው ትንሽ ይረጋል። እማ ስትይዘው ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ከለከሏት። እኔም ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነኝ። ትምህርትህን ትተህ ሳይሆን ፈቃድ ጠይቀህ ለዓረፋ ና። ጥቂት ቀን እጃቸውን ያዝላቸው፤ ከዚያ እኔው ራሴ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስድህ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ እመልስሃለሁ።

እህትህ ረሺዳ አብዱረዛቅ
ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.